ማውሱን ማን ያዘ? ተማሪን አውቆ የአይቲ ክፍልን ማንቃት ለሚፈልግ የሁለተኛ ደረጃ መምህር

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት 9ኛ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ኮምፒውተር ላብ ስንገባ ከማሽኑ ራቅ ብላ ትቆማለች፣ እጇን የሹራቧ እጅጌ ውስጥ ትከታለች፣ ስጠይቃት አንገቷን ትደፋለች። ፍላጎት የላትም ብዬ ደመደምኩ፤ ማርክ ስይዝም በዚያው ዓይን አየኋት። አንድ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ እናቷ ጉሊት አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት። ጭኗ ላይ ደብተር አለ። የ24 ሰው እቁብ ነው፤ የከፈለው፣ ያልከፈለው፣ ዕጣ የወጣለት፣ ቅጣት ያለበት፣ ሁሉም በቀጥታና በቁልቁል መስመር ተሰምሮ ተጽፏል። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ በእንግሊዝኛ "ስፕሬድሺት" እያልኩ የለፋሁበትን ነገር ልጅቷ በእስክሪብቶ ስትሠራው ኖራለች።

በዚያ ቀን በጣም አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ የማስተምርበትን መንገድ ቀስ በቀስ ለወጥኩ፤ የሠራልኝን በቅደም ተከተል እጽፍላችኋለሁ። የምጽፈው እንደኔ ከትልቅ ከተማ ርቆ፣ ክፍሉ በተጨናነቀበትና መብራት በሚቆራረጥበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚያስተምር ሰው ነው። ሌላው ለራሱ እንዲመች አድርጎ ይውሰደው።

ደረጃ 1፦ ላቡን ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት አድሉ

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ኮምፒውተር አታስነኩ። ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ወረቀት ስጡና አራት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፉ፣ በአማርኛ።

1. ቤታችሁ ውስጥ ስማርት ስልክ አለ? የማን ነው? አንተ ወይም አንቺ የምትይዙት መቼ መቼ ነው?
2. ኮምፒውተር ነክተህ ወይም ነክተሽ ታውቂያለሽ? የት?
3. ከትምህርት ውጭ በእጃችሁ የምትሠሩት ሥራ ምንድን ነው?
4. ከዚህ ትምህርት የሚያስፈራችሁ ነገር ምንድን ነው?

ስም ይጻፍበት፤ ግን ከእናንተ በቀር ማንም እንደማያነበው ንገሯቸው፣ ቃላችሁንም ጠብቁ። "ስልክ ያለው እጅ ያውጣ" ማለት ትልቅ ስህተት ነው። የሌለው ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሌለው ልጅ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። የሞባይል ጥገና ቤት የሚያግዝ፣ የወፍጮ ቤት ሒሳብ የሚይዝ፣ የጸጉር ሹሩባ የምትሠራ፣ ባጃጅ የሚያጥብ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር በስልክ የሚቀዳና የሚያቀናብር ልጅ ታገኛላችሁ። ይህን በአንድ ደብተር ላይ ከስማቸው አጠገብ ጻፉ፤ ዓመቱን ሙሉ ምሳሌ የምትቀዱት ከዚያ ነው። አራተኛው ላይ በብዛት የማገኘው መልስ ሁለት ዓይነት ነው፦ "እንዳላበላሸው" እና "እንግሊዝኛው"።

ደረጃ 2፦ "ኢንትራንስ ላይ የለም" ለሚለው ልጅ መልስ አዘጋጁ

ይህን ጥያቄ ሳትመልሱ አትለፉት። አይቲ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከሚሰጡት የትምህርት ዓይነቶች ውስጥ የለም፤ ልጆቹም ይህን ከ9ኛ ክፍል ጀምረው ያውቃሉ። ፈተናው በ2014 የትምህርት ዘመን በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ፍርሃት ውስጥ ያለ ልጅ የአይቲን ክፍለ ጊዜ የሒሳብ ጥያቄ መሥሪያ ቢያደርገው አልፈርድበትም።

እኔ ቁጣ ትቼ አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ። ከ2016 ጀምሮ ፈተናው ራሱ ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ፊዚክስን አውቆ ማውስ መያዝ ያቃተው ልጅ የሚያጣው የፊዚክስ ነጥብ ነው። ስለዚህ 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚሁ ብቻ አውሉ፦ ገጽ ወደ ታች ማውረድ፣ ምርጫ መንካት፣ የመረጡትን መቀየር፣ ያለፉትን ጥያቄ ተመልሶ ማግኘት፣ ጥግ ላይ የሚቆጥረውን ሰዓት እያዩ አለመደንገጥ። ኢንተርኔት አያስፈልግም። የቆዩ የሞዴል ጥያቄዎችን ፓወርፖይንት ላይ አስገቡና እያንዳንዱን ምርጫ ወደ ሌላ ስላይድ የሚወስድ ማያያዣ አድርጉት። የሒሳብና የፊዚክስ መምህራንን ጥያቄ ለምኑ፤ እነሱም ደስ ይላቸዋል።

ደረጃ 3፦ ማውሱ በማን እጅ እንደሚሆን እናንተ ወስኑ

ልጆቹን ዝም ብላችሁ ላብ ካስገባችኋቸው የሚሆነው የታወቀ ነው። ቤቱ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ማውሱን ይይዛል፤ ሌሎቹ ትከሻ ላይ ተደርድረው ያያሉ። ሴቶቹ ደግሞ ከሁሉ ኋላ። መምህሩ ስክሪኑን ሲያይ ሥራው ተሠርቷል፤ ደስ ብሎት ያልፋል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አልፌአለሁ። አሁን ላብ ስገባ መጀመሪያ የማየው እጅ ነው፣ ስክሪን በኋላ።

የእኔን ክፍል ልንገራችሁ። 66 ተማሪ፣ 12 የሚሠራ ኮምፒውተር። ክፍሉን ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ 33ቱ ላብ ሲገቡ 33ቱ ከላብ ቴክኒሽያኑ ጋር አጠገብ ባለው ክፍል የወረቀት ሥራ ይሠራሉ፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይቀያየራሉ። 33 ልጅ በሦስት ሲከፈል 11 ቡድን ነው። 12ኛው ኮምፒውተር መጠባበቂያ ይሆናል፤ አንዱ መሃል ላይ እምቢ ማለቱ አይቀርም።

በየቡድኑ ሦስት ኃላፊነት አለ። "እጅ" ማውስና ኪቦርድ ይይዛል። "ዓይን" መመሪያውንና ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል። "ጸሐፊ" የተደረገውን በቅደም ተከተል ይመዘግባል። ሕጉ አንድ ነው፦ ከ"እጅ" በቀር ማንም ማውስ አይነካም፤ እያወቀ ቢቁነጠነጥም በአፉ ያስረዳ። ከ40 ደቂቃው 4ቱ ለመቀመጫ፣ 30ው ለሦስት ዙር፣ 6ቱ ለመዝጊያ። በየ10 ደቂቃው አጨበጭባለሁ፤ ቦታ ይቀያየራሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የመጀመሪያውን ዙር "እጅ" ለሚፈራው ልጅ ስጡ። ለጎበዙ ከሰጣችሁት ሥራውን ጨርሶት ይቆያል፣ ለሁለተኛው የሚቀርለት የለም። ከወረቀቱ ላይ "ነክቼ አላውቅም" ያሉትን ስለምታውቁ ቡድኑን በዚያ መድቡ።

ደረጃ 4፦ ፍርሃቱን በላጲስና በሞተ ኮምፒውተር አስወጡ

"እንዳላበላሸው" የሚለው ፍርሃት በምክር አይለቅም። ዕቃው የመንግሥት ነው፣ ውድ ነው፣ ከተበላሸ ወላጅ ይጠራል፤ ይህን ከ1ኛ ክፍል ጀምረው ሰምተውታል። ስለዚህ ንብረት ክፍል ሂዱና የማይሠራ፣ ጥግ ላይ የተጣለ ኮምፒውተር ጠይቁ። ቢሞትም በመዝገብ ላይ ያለ ንብረት ስለሆነ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዱ፣ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ቅጽ) ፈርማችሁ ውሰዱ። ሳትፈርሙ የወሰዳችሁት ዕቃ በዓመቱ ቆጠራ ላይ ያሳጣችኋል።

ከዚያ ከኤሌክትሪክ የተነቀለውን ያን ማሽን ልጆቹ ይፍቱት። ራሙን (የማሽኑን ጊዜያዊ ማስታወሻ ካርድ) አውጥተው፣ ወርቅማ ጥርሱን በላጲስ ቀስ ብለው አሽተው፣ አቧራውን በቀለም ብሩሽ አንስተው፣ እስኪጮህ ተጭነው መልሰው ይግጠሙት። ሁሉም በየተራ። የጥገና ቤት የሚያግዘው ልጅ እዚህ ላይ መምህር ይሆናል፤ እናንተ ወደ ኋላ በሉ። አንድ ጊዜ የሞተ ብለን የያዝነው ማሽን በዚሁ በላጲስ ተነሥቶ ነበር፣ የክፍሉን ጩኸት ሰምቶ ዩኒት ሊደሩ ሮጦ መጣ። ይህን ያደረገ እጅ ከዚያ በኋላ ማውስ አይፈራም።

ደረጃ 5፦ ሐሳቡን በአማርኛ፣ ስሙን በእንግሊዝኛ

የማስተማሪያ ቋንቋችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ነው፣ ፈተናውም እንዲሁ፤ ስለዚህ እንግሊዝኛውን ተዉት አልልም። ቅደም ተከተሉን ግን ቀይሩት። ፎልደር ምን እንደሆነ ሳስረዳ ልጆቹን ይዤ ሪከርድ ክፍል እሄዳለሁ። መደርደሪያው ላይ ማህደራቸው አለ፤ በማህደሩ ውስጥ ካርድ፣ ፎቶ፣ የ8ኛ ክፍል ውጤት። ያለ ስም የተቀመጠ ወረቀት እንዴት እንደሚጠፋ የሪከርድ ሠራተኛዋ ራሷ ትነግራቸዋለች። ተመልሰን ስንመጣ ፋይል፣ ፎልደር፣ ሴቭ የሚሉትን ቃላት ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ሐሳቡ ቀድሞ ስለገባቸው ቃሉ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ቡድን አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይላል፤ ቢሰባበርም ማንም አይስቅበትም።

ከዚህ ጋር "የስህተት ደብተር" አስያዟቸው። ስክሪኑ ላይ የስህተት መልእክት ሲወጣ አብዛኛው ልጅ ሳያነበው ይዘጋዋል። የእኔ ተማሪዎች መዝጋት የሚችሉት ቃል በቃል ገልብጠው ከጻፉት፣ በአማርኛ ምን እንደሚል ከገመቱና ምን እንዳደረጉ ካሰፈሩ በኋላ ነው። ከተከታታይ ምዘናው 5 ነጥብ ለዚህ ደብተር እሰጣለሁ፤ ብዙ ስህተት የመዘገበ ብዙ ያገኛል። መሳሳት ማርክ የሚያስገኝበት አንድ ቦታ ስላገኙ ብቻ የሚነቁ ልጆች አሉ።

ደረጃ 6፦ ከቤታቸው የሚያውቁትን ወደ ማሽኑ አምጡ

እቁቡን እንውሰድ። ኤክሴል ላይ 12 ሰው፣ በሳምንት 500 ብር፣ የሳምንቱ ዕጣ 6,000 ብር። በመጀመሪያው ዓምድ ስም፣ ቀጥሎ 12 ሳምንት። የከፈለ 500፣ ያልከፈለ 0። "ሰም" በምትባለዋ ቀመር የሳምንቱን ድምር ያወጣሉ፤ "ካውንት ኢፍ" ስንት ሰው እንዳልከፈለ ትቆጥራለች። ከዚያ ጥያቄውን አክብዱት፦ ዕጣ ወጥቶለት መክፈል ያቆመ ሰው እንዴት ይታወቃል? እዚህ ላይ ክፍሉ ይጮሃል። የአክስቱ እቁብ የፈረሰበት አለ፣ ዳኛ ያጭበረበረበት አለ። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ ይህን ትምህርት ስጀምር ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ቅጣቱን የት ነው የምንጽፈው?" አለች። እኔ ቅጣቱን ረስቼው ነበር። አዲስ ዓምድ ጨመርን፣ ጠመኔውንም ለእሷ ሰጠኋት።

ፕሮግራሚንግ ስትጀምሩ ደግሞ ፊደላችንን ተጠቀሙ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር ወደሚሰጠው ሥርዓት) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ሀ 4608 ነው፣ ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ፊደል ሰጥተው ቁጥሩን ይጠይቁት፤ ከዚያ ከ4616 ጀምረው ሰባት ጊዜ አንድ አንድ እየጨመሩ የሚያትም ሉፕ (ራሱን የሚደግም ትእዛዝ) ይጻፉ። ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ ተደርድሮ ይወጣል። የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ፊቱ ሲበራ ታያላችሁ። አሁን ጠይቋቸው፦ ከለ እስከ ሐ ስምንት ቁጥር ነው፣ ፊደሉ ግን ሰባት ነው፤ ስምንተኛው ማን ነው? ዝም ብላችሁ ጠብቁ። 4623ን አትመው ሏን ያገኟታል። በእኔ ግምት የፈለገውን ያህል ጥሩ መጽሐፍ ቢኖር ሉፕን እንደዚህ የሚያስተምር ምሳሌ የለም፤ ልጁ ውጤቱ ትክክል መሆኑን ያለ መምህር ያውቀዋልና።

ሰዓትም ጥሩ ነው፦ ስልኩ 15፡00 ሲል እኛ 9 ሰዓት የምንለውን የሚያሰላ አጭር ፕሮግራም። ሌሊቱ ላይ ሲደርሱ ቀመራቸው ይሳሳታል፤ ተዉአቸው፣ ራሳቸው ያግኙት።

ደረጃ 7፦ "ገባችሁ?" ማለትን ተዉ

እኔ ራሴ 9ኛ ክፍል የነበርኩት ትምህርት በሳተላይት በፕላዝማ ቴሌቪዥን በሚሰጥበት ጊዜ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ይጠይቅና ትንሽ ይጠብቃል፤ እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። አያየንም። ያኔ የተሰማኝን ብቸኝነት አልረሳሁትም። እኔ ግን ከልጆቹ ፊት ቆሜ "ገባችሁ?" ስልና 66 ልጅ በአንድ ድምፅ "አዎ ቲቸር!" ሲለኝ፣ ስክሪን ውስጥ እንዳለው መምህር ነበርኩ። ያ "አዎ" አክብሮት ነው። ልጆቹ ታላቅ ሲናገር ዝም ማለት ጨዋነት እንደሆነ ተምረው ነው ያደጉት፤ "አልገባኝም" ማለት መምህሩን መውቀስ ይመስላቸዋል።

በምትኩ የመጨረሻዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ለሩብ ወረቀት ስጡ። ሁለት መስመር ብቻ ይጽፋሉ፦ "ዛሬ በእጄ የሠራሁት" እና "የተያዝኩበት ቦታ"። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በቀላቀሉትም ይጻፉት። 33 ሩብ ወረቀት ማንበብ ሻይ ጠጥቶ ከመጨረስ አይበልጥም። አንድ ቦታ ላይ የተያዙት ከሲሶ በላይ ከሆኑ ችግሩ ያለው የማስተምርበት መንገድ ላይ ነው፤ በሚቀጥለው ቀን ከዚያው እጀምራለሁ።

ዝምታቸውንም ለያዩት። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ስክሪኑን የሚያይ ልጅ እንግሊዝኛው ነው የያዘው፤ "ዓይን" ከሚሆን ጎበዝ አንባቢ ጋር አስቀምጡት። እጁ ወደ ማውሱ ሄዶ የሚመለስ ልጅ ፈርቷል፤ ወደ ደረጃ 4 መልሱት። ክንዱን አጣጥፎ ጣሪያ የሚያይ ደግሞ ምናልባት ቀድሞ ያውቀዋል፤ የማይሠራ ኮምፒውተር እንዲያስነሣ ስጡት፣ ወይም "5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ" በሚባለው ፕሮግራም የሚሰጠውን ነፃ የኦንላይን ኮርስ እንዲጀምር አግዙት።

ራሱን ጠረጴዛ ላይ የሚደፋው ልጅ ግን ሌላ ነው። ቶሎ አትቆጡት። ከገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ተከራይተው የሚማሩ ብዙ ልጆች አሉን። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ቤተሰብ ጋር ሄደው፣ አዝመራ አግዘው፣ እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ንጋት ስንቃቸውን ተሸክመው ሰዓታት በእግር ይመለሳሉ። ሐሙስ ላይ ደግሞ ስንቁ ያልቃል። እኔ ሰኞ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ላይ ፈተና አልሰጥም፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላም አዲስ ምዕራፍ አልጀምርም። ልጁን ለብቻው ስታገኙት "ለምን ትተኛለህ?" ከማለት "ስንቅ መጣልህ?" ብትሉት ብዙ ይነግራችኋል።

ደረጃ 8፦ መብራት ለሚጠፋበት ቀን ትምህርት ይኑራችሁ

መብራት ጠፋ ብሎ ክፍል መልቀቅ ልማድ ሆኗል። ሁለት የወረቀት ትምህርት ሁልጊዜ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። የእኔ ተወዳጅ የቁጥር ግምት ነው፦ አንድ ልጅ ከ1 እስከ 64 አንድ ቁጥር በልቡ ይያዝ፣ ክፍሉ "አዎ" ወይም "አይ" በሚያስብል ስድስት ጥያቄ ያግኘው። መጀመሪያ በዘፈቀደ ይጠይቃሉ፣ ይሸነፋሉ። ከዚያ አንዱ "ከ32 ይበልጣል?" ይላል፣ በየጊዜው ግማሹን መጣል ይጀምራሉ፣ ስድስተኛው ላይ ያገኙታል። ኮምፒውተር በፊደል ተራ ከተደረደረ ረጅም ዝርዝር ውስጥ ስም የሚፈልግበትን መንገድ ያለ መብራት ተማሩት ማለት ነው። ሌላው ዐሥር ልጆችን አሰልፎ፣ አጠገብ ለአጠገብ ያሉትን ሁለት ሁለት ብቻ እያነጻጸሩና እያቀያየሩ በቁመት መደርደር ነው።

ደረጃ 9፦ ስልክ፣ ቴሌግራምና ከማሽን የተቀዳ መልስ

እዚህ ላይ አጭር ነኝ። ትምህርት ቤቱ ስልክ ከከለከለ አክብሩ፤ ለአንድ ትምህርት ካስፈለጋችሁ በጽሑፍ አስፈቅዱ። የቤት ሥራን ቴሌግራም ላይ ብቻ አትልቀቁ፤ ስልኩ የአባት የሆነበት ልጅ፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ ማታ ላታየው ትችላለች። ሰሌዳ ላይም ይጻፍ።

ከቻትጂፒቲ የተገለበጠ ሥራ ሲመጣ በክፍሉ ፊት አታዋርዱ። ልጁን አስቀምጡና ከኮዱ አንድ ቁጥር ቀይራችሁ "አሁን ምን ያትማል?" በሉት። ካወቀ ተምሯል፣ ከየትም ያምጣው። ካላወቀ ያንኑ ኮድ መስመር በመስመር ለጓደኛው አስረድቶ እስኪመለስ ማርኩን ያዙት።

ደረጃ 10፦ ሰኔ ላይ አራተኛውን ጥያቄ ድገሙት

የመጨረሻው ሳምንት ላይ ያንኑ ግማሽ ወረቀት ስጡና አራተኛውን ጥያቄ ብቻ እንደገና ጠይቁ። የመስከረሙን ከጎኑ አስቀምጡ። ያቺ የእቁብ ልጅ መስከረም ላይ "ሁሉም ነገር" ብላ ነበር የጻፈችው፤ ሰኔ ላይ "መብራት መጥፋቱ፣ ሴቭ ሳላደርግ" አለች። በሁለቱም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ፍርሃት የጻፉትን ልጆች ስም ለብቻው አውጡ። ዝርዝሩን ለሚቀጥለው ክፍል አይቲ መምህር በእጁ ስጡት፤ እናንተ የምትቀጥሉ ከሆነ ደግሞ የመስከረሙን የቡድን ምደባ ከእነሱ ጀምሩ፣ የመጀመሪያውንም ዙር ማውስ ለእነሱ ስጡ።